ባለ አንድ ምላጩ መላጫና ከርዳዳው ጽሕም

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል]

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ዘወትር ማለዳ በመስተዋት ፊት የሚፈጸም፣ ብዙ ሰው በጥድፊያ የሚያልፈው፣ ነገር ግን በገጻችን ላይ ምልክቱን ትቶ የሚሄድ ሥራ ነው፤ ይኸውም ጽሕምን መላጨት ነው።

አስቀድሜ አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ጽሕማችሁን በተላጫችሁ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን፣ ከአገጫችሁ በታችና በአንገታችሁ ዙሪያ፣ እጅ ሲነካው የሚቆረቁር፣ የሚያሳክክና የሚያብጥ ሽፍታ ይወጣባችኋልን? የሚወጣባችሁ ከሆነስ ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ሳሙናው ነውን? ውሃው ነውን? ወይስ ቆዳችሁ በተፈጥሮው ደካማ ሆኖ ነውን?

ብዙ ሰው ለዚህ መከራ የሚፈልገው መድኃኒት ወደ ሱቅ ሄዶ ከቀድሞው የበለጠ ስለት ያለውን፣ ዋጋውም የከበደውን መላጫ መግዛት ነው። ባለ ሁለቱ ካስቸገረው ባለ ሦስቱን፣ ባለ ሦስቱ ካስቸገረው ባለ አምስቱን ይሞክራል፤ ሽፍታው ግን አይለቀውም። እኔ ዛሬ ከእናንተ ጋር ልመረምረው የምወደው ከዚህ ተቃራኒ የሆነውን መንገድ ነው፤ ይኸውም ራሱ ብቻ እየተነቀለ የሚለወጠውን ባለ ብዙ ስለት መላጫ ትቶ፣ አባቶቻችን ወደሚያውቁት፣ አንድ ስስ ምላጭ ብቻ ወደሚይዘው የብረት መላጫ መመለስ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

በመጀመሪያ ሽፍታው ከየት እንደሚመጣ እንይ። ጸጉሩ ሉጫ የሆነ ሰው የጽሕሙ ጸጉር ከቆዳው ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ቢቆረጥም ቀጥ ብሎ ተመልሶ ይበቅላል። ጸጉሩ ከርዳዳ የሆነ ሰው ግን፣ ከእኛም ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን፣ የጸጉሩ መብቀያ ከቆዳው በታች ሳለ የተቈለመመ ስለሆነ፣ ጸጉሩ ገና ብቅ ሳይል መጠምዘዝ ይጀምራል፤ በስለት በአግድሞሽ በተቆረጠም ጊዜ ጫፉ ይሾላል።

እንግዲህ ባለ ብዙ ስለቱ መላጫ የሚሠራበትን ብልሃት ልብ በሉ። ፊተኛው ስለት ጸጉሩን ይዞ ጥቂት ወደ ላይ ይስበዋል፤ ጸጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ ኋለኛው ስለት ይደርስና ይቆርጠዋል፤ የቀረው ጉማጅም ከቆዳው ገጽ በታች ይሰምጣል። ከነጠላ ጠርዝ የወጣን ክር ስቦ የቆረጠ ሰው፣ የቀረው ክር ወደ ሽመናው ተመልሶ ሲሰወር አይቶ ይሆናል፤ የጸጉሩም ነገር ይኸው ነው። ለዕለቱ ጉንጭ ይለሰልሳል፣ ለዳሰሰውም ደስ ይላል። ነገር ግን ያ ከቆዳ በታች የሰመጠ፣ ጫፉ የሾለ ከርዳዳ ጸጉር ሲያድግ የመውጫውን በር ስቶ ወደ ጎን ይጠመዘዝና የራሱን ባለቤት ይወጋል፤ ሌላውም ከወጣ በኋላ ተቈልምሞ ተመልሶ ይገባል። ሰውነትም የራሱን ጸጉር እንደ ባዕድ ነገር ቈጥሮ ይዋጋዋል፤ ቦታው ያብጣል፣ አንዳንዴም መግል ይይዛል፣ ሲድንም ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ይህ ዋና ነገር ስለሆነ ልድገመው። ሽፍታው የሚመጣው መላጫው ሳይቆርጥ ስለቀረ ሳይሆን ከመጠን በላይ አጥልቆ ስለቆረጠ ነው። ከርዳዳ ጽሕም ላለው ሰው የሚበጀው ከቆዳው ገጽ ጋር እኩል የሚቆርጥ፣ ከገጹ በታች ግን የማይወርድ ስለት ነው። አንዱ ምላጭ በረጋ እጅ ሲያዝ የሚሰጠውም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ፍርዴ ሚዛናዊ እንዲሆን እወዳለሁ። ባለ ብዙ ስለት መላጫ ተጠቅሞ ምንም ሽፍታ የማይወጣበት ሰው ቢኖር፣ ልማዱን ይለውጥ ዘንድ የሚያስገድደው ምክንያት የለም። ይህን የምናገረው በየሳምንቱ በአንገቱ ላይ ቍስል ለሚያይ፣ ነገሩንም የተፈጥሮ ዕጣው አድርጎ ለተቀበለው ወንድሜ ነው።

[ሙዚቃ፤ ሦስት ሰከንድ]

ለመሆኑ ይህ መላጫ ከየት መጣ? በቀድሞ ዘመን ሰው ጽሕሙን የሚላጨው እጀታው ውስጥ በሚታጠፍ ረጅም ስለት ነበር፤ ይህም የባለሙያ እጅ የሚሻ፣ ዘወትር በጠፍር ላይ መሳልን የሚጠይቅ መሣሪያ ነው። በፈረንሳይ አገር ዣን ዣክ ፔሬ የተባለ ቢላዋ ሠሪ በ18ኛው መቶ ዓመት ስለቱ ወደ ቆዳ ጠልቆ እንዳይገባ የሚከለክል መጋረጃ ማበጀትን አሰበ፤ እ.ኤ.አ. በ1880 ደግሞ በኒው ዮርክ የሚኖሩ ካምፕፌ የተባሉ ወንድማማቾች ስለት ጠባቂ ያለው መላጫ አውጥተው የባለቤትነት መብት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ የእነርሱም ስለት ወፍራም ስለነበር በየጊዜው መሳል ነበረበት።

ነገሩን የለወጠው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው የጠርሙስ ቆርኪ ለሚሠራ ኩባንያ እየዞረ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ቆርኪውን የፈለሰፈው አለቃው ዊልያም ፔይንተርም ሰዎች ተጠቅመው የሚጥሉትንና ተመልሰው የሚገዙትን ነገር እንዲፈልግ መከረው። ጂሌት እ.ኤ.አ. በ1895 አንድ ማለዳ ሲላጭ ሳለ፣ ስለቱ ሲዶለድም ከመሳል ይልቅ የሚጣል ስስ የብረት ምላጭ ቢኖርስ የሚል ሐሳብ መጣለት። ብረትን ያን ያህል አሳስቶ ስለቱን ማጽናት አይቻልም ብለው ብዙ ሊቃውንት ቢመልሱትም፣ ዊልያም ኒከርሰን የተባለ መሐንዲስ ለዓመታት ደክሞ መንገዱን አገኘለት። በ1903 ሥራው ሲጀመር የተሸጡት መላጫዎች 51 ብቻ ነበሩ። በ1904 የባለቤትነት መብቱ ጸደቀ፤ በዚያው ዓመትም የተሸጡት መላጫዎች ከዘጠና ሺህ አለፉ።

ከዚያም አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ የአሜሪካ መንግሥትም ለወታደሮቹ ሦስት ሚሊዮን ተኩል መላጫዎችን አዘዘ። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ወጣት በገዛ እጁ መላጨትን ለምዶ ወደ ቤቱ ገባ። ቀድሞ የጸጉር አስተካካዩ ሥራ የነበረው ነገር እንዲህ ሆኖ የእያንዳንዱ ሰው የማለዳ ሥራ ሆነ።

ባለ ሁለት ስለቱን መላጫ እ.ኤ.አ. በ1971 ለገበያ ያወጣውም ይኸው የጂሌት ኩባንያ ነው፤ በ1998 ባለ ሦስቱ፣ በ2006 ባለ አምስቱ ተከተለ። የአንዱ ምላጭ የባለቤትነት መብት በ1921 ስላበቃ ማንም ፋብሪካ ሠርቶ በርካሽ ሊሸጠው ይችላል፤ የአዳዲሶቹ ራስ ግን ከየራሳቸው እጀታ ጋር ብቻ የሚገጥም ስለሆነ፣ እጀታውን አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ከዚያ በኋላ ምርጫው ይጠብበታል። ስለ ዋጋ ከዚህ በላይ ላስረዳ አልሻም፤ አንዱን ተለዋጭ ራስ የምትገዙበት ገንዘብ ስንት ምላጭ እንደሚገዛ በአቅራቢያችሁ ካለው ሱቅ ጠይቃችሁ ራሳችሁ አስቡት።

[ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይጠፋል]

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከዚህ ጀምሮ የምናገረውን በዝግታ ተከታተሉኝ፤ አስፈላጊውን እደግመዋለሁ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁና ብረት ከመንካታችሁ በፊት የገዛ ጽሕማችሁን አበቃቀል እወቁ። ለሁለት ቀን ያህል ሳትላጩ ቆዩና የጣታችሁን ጫፍ በጉንጫችሁ ላይ ከላይ ወደ ታች አንሸራትቱ፤ ቀጥሎም ከታች ወደ ላይ። በአንደኛው አቅጣጫ ጣት ያለ ችግር ያልፋል፣ በሌላው ይቆረቁረዋል፤ ያለ ችግር ያለፈበት አቅጣጫ የጸጉሩ አበቃቀል ነው። ከዚያ አንገታችሁን መርምሩ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ይደነቃል፤ በጉንጩ ላይ ወደ ታች የሚበቅለው ጸጉር በአንገቱ ላይ ወደ ጎን ወይም ጭራሹን ወደ ላይ ሲበቅል ያገኘዋልና። ሽፍታው የሚበረታው በአንገት ላይ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ሰው ይህን ሳያውቅ በጉንጩ ልማድ አንገቱን ስለሚላጭ ነው።

ቀጥሎ ውሃ። የደረቀ የጽሕም ጸጉር ጠንካራ ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ የራሰ ጸጉር ግን ውሃውን ጠጥቶ ይለሰልሳል። ስለዚህ ገላን ታጥቦ ወዲያው መላጨት ከሁሉ ይበልጣል፤ ካልተቻለም በለብታ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ፎጣ ገጽ ላይ ማኖር ይበቃል። ከዚያም የመላጫ ሳሙናን በብሩሽ እያዞሩ ወፍራምና እርጥብ አረፋ እስኪሆን ድረስ መቀባት ነው።

[የውሃና የብሩሽ ድምፅ]

መላጫው በብዛት ሦስት ክፍል አለው፤ ክዳኑ፣ ከሥሩ ያለው ጠባቂ ሳሕንና እጀታው። እጀታውን ፈትታችሁ ምላጩን በክዳኑና በሳሕኑ መካከል አስቀምጡ፤ ምላጩን ስለት በሌላቸው በሁለቱ አጫጭር ጫፎች ብቻ ያዙት። እጀታውን ካጠበቃችሁ በኋላ ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ተመልከቱ፤ በሁለቱም ወገን ብቅ ያለው ስለት እኩል መሆን አለበት። በአንዱ በኩል ሰፍቶ በሌላው ጠብቦ ከታየ ፈትታችሁ እንደ ገና ግጠሙት፤ እንዲህ ያለው መላጫ ይቆርጣልና።

አሁን መላጫውን በገጻችሁ ላይ አኑሩ። ከባለ ብዙ ስለቱ የሚለየው ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ አዲሱ መላጫ አንገቱ ስለሚታጠፍ የስለቱን አያያዝ እርሱ ያስብላችኋል፤ በብረቱ መላጫ ግን የምታስቡት እናንተ ናችሁ። የመላጫውን ክዳን በጉንጫችሁ ላይ አስደግፉ፤ በዚህ ጊዜ እጀታው ከገጻችሁ ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ስለቱም ገና አልነካም። ከዚያ እጀታውን ጥቂት በጥቂት ወደ ታች አውርዱት። ስለቱ ጸጉሩን ሲያገኝ ታውቁታላችሁ፤ በስለቱና በቆዳው መካከል ያለው ማዕዘን ያን ጊዜ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል።

ይህን በመስፈሪያ መለካት አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። ስሙ፦

[መላጫ በራሰ ጽሕም ላይ ሲያልፍ የሚሰማ ድምፅ፤ አምስት ሰከንድ]

ሰማችሁን? ማዕዘኑ የተስተካከለ ጊዜ ጸጉሩ ሲቆረጥ እንዲህ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ከጠፋ፣ ወይ እጀታው ከፍ ብሎ ስለቱ ጸጉሩን አላገኘም፣ ወይ ደግሞ በዚያ ቦታ የሚቆረጥ የለም። እየፋቀ የሚሄድ ከመሰላችሁ እጀታው ከመጠን በላይ ወርዷልና ቁሙ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የውሃውን ቧንቧ ዝጉ፤ ይህንኑ ሬዲዮም ቢሆን ዝጉትና እጃችሁን በጆሮአችሁ አስተምሩት።

ከሁሉ የሚበልጠውን ትእዛዝ አሁን እነግራችኋለሁ፤ አትጫኑ። ባለ ብዙ ስለቱ መላጫ ቀላል ፕላስቲክ ስለሆነ እጃችን መጫንን ለምዷል፤ ያን ልማድ ይዞ ወደ ብረቱ መላጫ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ቀን ገጹን ያደማና መሣሪያውን ይረግማል። የብረቱ ክብደት ብቻውን ለሥራው ይበቃል። እጀታውን በጣቶች ጫፍ ይዞ መምራት እንጂ መግፋት አያሻም። እደግመዋለሁ፤ አትጫኑ። ቆዳውንም በሌላው እጃችሁ አብዝታችሁ አትወጥሩት፤ የተወጠረ ቆዳ ሲለቀቅ የተቆረጠውን ጸጉር ይዞ ወደ ውስጥ ይሰበሰባልና፣ የሸሸነው ነገር በሌላ በር ይገባል።

በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ብቻ እየሄዳችሁ፣ ስለቱን እያለቀለቃችሁ፣ ከጉንጭ ጀምሩ፤ ሜዳው ሰፊ ነውና ለተማሪ ይመቻል። ቀጥሎ አንገትን፣ በመጨረሻም የላይኛውን ከንፈርና አገጭን ላጩ፤ የአገጭ ጸጉር ወፍራም ስለሆነ በአረፋው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ቢቆይ ይሻለዋል። መጀመሪያ የምትሄዱበት አቅጣጫ የትኛው ነው? ከጸጉሩ አበቃቀል ጋር ነው። የቀረ ካለ እንደ ገና አረፋ ቀብታችሁ በአግድሞሽ አንድ ጊዜ ማለፍ ይቻላል። ከርዳዳ ጽሕም ያለው ሰው ግን እዚያ ላይ ያቁም። ከአበቃቀሉ በተቃራኒ መላጨት ጸጉሩን ከቆዳ በታች ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ አንዱም ምላጭ ቢሆን የአምስቱን ጥፋት ይፈጽማል።

እንግዲህ በዚህ መንገድ የተላጨ ሰው ከሰዓት በኋላ አገጩን ቢዳስስ ጥቂት ሻካራነት ሊያገኝ ይችላል። ይህ ቅሬታ ሊያስከትል አይገባም፤ ጸጉሩ ከቆዳው በላይ መቅረቱ ነው ከሽፍታው የሚያድነው።

[አጭር ሙዚቃ]

ሲጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃ መለቃለቅ፣ በፎጣም ሳይፍቁ ቀስ አድርጎ ማድረቅ ነው። አልኮል የበዛበት ሽቶ ለብዙ ሰው ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ሽታ የሌለው ቀላል የቆዳ ቅባት ይሻላል። ምላጩን በጨርቅ አትጥረጉት፤ አለቅልቃችሁና አራግፋችሁ በደረቅ ቦታ አኑሩት።

አንድ ምላጭ ስንት ጊዜ ያገለግላል? እንደ ሰዉ ጽሕም ይለያያል፤ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ የሚጠቀሙ ብዙዎች ናቸው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በታላቅ ማጉያ መሣሪያ ባደረጉት ምርመራ፣ ከምላጩ ብረት ሃምሳ ጊዜ የሚለሰልሰው ጸጉር የስለቱን ጫፍ እየሸራረፈ እንደሚያበላሸው አይተዋል። ስለዚህ ምላጩ ጸጉሩን እየጎተተ መሄድ ሲጀምር ሳትሳሱ ለውጡት።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየቀኑ አትላጩ፤ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ጊዜ ሲኖር ይሁን። እጅ የሚለምደው በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ ነው። ሽፍታው አሁን የበረታበት፣ መግል የያዘበት ሰው ግን ምንም ዓይነት ምላጭ አይያዝ፤ ለአንድ ወር ያህል ጽሕሙን አሳድጎ ቆዳው ይዳን፣ ካልዳነለትም የቆዳ ሐኪም ይይ። ቍስሉ ሲድን ጠባሳው እያበጠ የሚቀርበት ሰው፣ ደምን የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ለእነዚህ ወንድሞች ጸጉሩን በአጭሩ የሚያስቀረው የኤሌክትሪክ ማሽን ይሻላቸው ይሆናል።

ልጆቻችሁ ጽሕም ያወጡላችሁ አባቶች ሆይ፣ ለእናንተ የተለየ መልእክት አለኝ። ብዙ ወጣት የመጀመሪያ መላጨቱን የሚማረው ከማንም አይደለም፤ ያገኘውን አንሥቶ፣ በደረቅ ገጹ ላይ፣ ተጭኖና በተቃራኒ አቅጣጫ ይጀምራል፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ያበጀው ጠባሳም ለዘመናት አብሮት ይኖራል። አንድ ቀን አጠገቡ ቁሙና የገዛ ጉንጩን አበቃቀል በጣቱ እንዲያገኝ አሳዩት።

አብራችሁም ይህን ንገሩት፦ መላጫ የጋራ አይደለም። ወንድምም ቢሆን፣ ጓደኛም ቢሆን፣ የአንዱ ምላጭ የሌላው አይሆንም። በኤች አይ ቪ ዘመን በአገራችን ስለት ያላቸውን ነገሮች በጋራ ስላለመጠቀም የተሰጠው ትምህርት ዛሬም ያው ነው፤ በደም የሚተላለፈው የጉበት በሽታም በዚሁ በር ይገባል። ወደ ጸጉር አስተካካይ ስትሄዱም አዲሱ ምላጭ ከመጠቅለያው ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም።

በአውሮፕላን የምትጓዙ፣ መላጫው ምላጭ ሳይኖረው በእጅ ሻንጣ ሊያልፍ ቢችልም፣ ምላጩ ግን ተመዝግቦ ወደ ጭነት በሚገባው ሻንጣ ውስጥ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ በፍተሻው ላይ ይወሰድባችኋል።

የመጨረሻው ነገር ያገለገለው ምላጭ ነው። ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ፈልጉና በክዳኑ ላይ ምላጭ ብቻ የሚያስገባ ቀጭን ቀዳዳ አውጡ፤ ያገለገለውን ምላጭ ሁሉ በዚያ ጣሉ፤ ልጆች የማይደርሱበት ቦታም ይቀመጥ። ሲሞላ ቀዳዳውን በፕላስተር አሽጋችሁ ለብቻው አስረክቡ፤ የሰፈራችሁን ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሰዎች ከረጢቱን የሚያነሡትና የሚለዩት በእጃቸው ነውና።

አድማጮቻችን፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ጸጉር መቁረጫ ማሽን ንጽሕና እንነጋገራለን።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]